ቦታውን በእስክሪብቶ፣ ስሙን በእርሳስ

ደሴ ላይ ለጓሮ አትክልት አልሚዎችና ለባዮሎጂ መምህራን ያደረግሁት ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሎ

እንደምን ዋላችሁ፤ አሰላሙ አለይኩም።

ይህን ንግግር እንዳደርግ የተጠየቅሁ ዕለት ባለቤቴ «ስለ ምንድን ነው የምታወራው?» አለችኝ። «ስለ ዝንብ» አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና «ሰው ይመጣል?» አለች። ይኸው መጣችሁ፤ አላሳፈራችሁኝም።

ነገር የሚያራቅቀውን ሰው በአማርኛችን «የዝንብ ጠንጋራ ያውቃል» እንለዋለን። ሙገሳም ነው፣ ሽሙጥም ነው። እኔ ባዮሎጂ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ስወጣ፣ ጓሮዬ ውስጥ በርጩማ ይዤ መቀመጥ ስጀምር ነው ተረቱ ከቀልድ ያለፈ መሆኑ የገባኝ። ዝንብ የሚለይ ሰው ቀድሞ የሚያየው በእርግጥም ዓይኗን ነው። በብዙ የዝንብ ዓይነቶች የወንዱ ሁለት ዓይኖች ግንባሩ ላይ ይገጥማሉ፤ የሴቷ ተራርቀው ይቀመጣሉ። ጠንጋራዋን እስካሁን አላገኘኋትም፤ ወንድና ሴቱን ግን ከእንግዲህ እናንተም ትለያላችሁ።

አንድ ማሳሰቢያ። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጓሮዬ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ነው። ትልቅ አይደለም፤ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ጥቂት ድንብላልና እንስላል፣ ሁለት የኮክ ዛፍ። አንድ ጠዋት የጎመን ቅጠል ገልብጬ ሳይ ክሽክሹ፣ ያ የተክል ጭማቂ የሚመጥ ደቃቅ ተባይ፣ ዱቄት እንደተነሰነሰበት ሆኖ ተጣብቋል። ከመሃሉ አንዲት እግር የሌላት፣ ራሷና ጭራዋ የማይለይ፣ አረንጓዴ ቀጭን ትል አለች። እንዲህ ዓይነቷን ለዓመታት በአውራ ጣቴ ስደፈጥጥ ነው የኖርሁት፤ ጎመኔን የምትበላ መስላኝ። የዚያን ዕለት አጉሊ መነጽሩ ኪሴ ውስጥ ነበርና እስቲ ልያት አልሁ። ትሏ የፊት ጫፏን ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘች እንደ ዓይነ ስውር ትዳብሳለች። አንዱን ክሽክሽ ስትነካው ያዘችው፤ ከቅጠሉ ነቅላ ወደ ላይ አነሳችው፤ እግሮቹ አየር ላይ እየተንፈራገጡ መጠጠችው። ቆዳው ብቻ ሲቀር ጣለችውና ወደ ሌላው ዞረች። ቡናዬ ሳይቀዘቅዝ ሦስት ጨረሰች። አንዲቷ ትል እስክታድግ ድረስ ክሽክሽን በመቶ እየቆጠረች የምትፈጅ ናት። እኔ ደግሞ እሷን ደፍጥጬ ስጨርስ መድኃኒት ልገዛ ገበያ እወርድ ነበር።

የዚህች ትል እናት እናንተም የምታውቋት ናት፤ የምታውቋት ግን «ንብ» ብላችሁ ነው። ድንብላልና እንስላል ሲያብብ አበባው ላይ አየር ውስጥ ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ ትወረወራለች፣ ተመልሳ ትቆማለች። ቢጫና ጥቁር መቀነት አላት። አትናደፍም፤ መናደፊያ የላትም። የተለመደ የአማርኛ ስም ስላላገኘሁላት እኔ «አንዣባቢ ዝንብ» እላታለሁ። በሳይንሱ ቤተሰቧ ሲርፊዴ ይባላል፤ በዓለም ላይ ስድስት ሺህ የሚያህሉ ዝርያዎች ተመዝግበውለታል።

ከንብ እንዴት እንለያት? ክንፍ ቁጠሩ። ንብና ተርብ አራት ክንፍ አላቸው፤ ዝንብ ሁለት ብቻ። የዝንቦች ሁሉ የጋራ ስም ዲፕቴራ በግሪክኛ «ባለ ሁለት ክንፍ» ማለት ነው። የቀሩት ሁለቱስ የት ደረሱ? ከክንፏ ኋላ በግራና በቀኝ ጫፉ ያበጠ፣ የከበሮ መምቻ የመሰለ ትንሽ ዘንግ አለ። የኋላ ክንፍ የነበረው ያ ነው። ስትበር እየተርገበገበ ሚዛኗን ይጠብቅላታል፤ ቢቆረጥባት ዞራ ትወድቃለች። ይህን ዘንግ ለመጀመሪያ ጊዜ በአጉሊ መነጽር ያሳየኋቸው ጎረቤቴ ጋሼ፣ ቁርኣን የተማሩ ሰው ናቸው። ሱረቱል ሐጅ ላይ ከአላህ ሌላ የሚጠሯቸው ሁሉ ቢሰበሰቡ አንዲት ዝንብ እንኳ መፍጠር አይችሉም የሚለውን አስታወሱኝና መነጽሩን ሳይመልሱልኝ ሩብ ሰዓት ቆዩ።

ንብ መስላ ሰው ያታለለችው ጓሮ ውስጥ ብቻ አይደለም። መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 14 ላይ ሳምሶን በገደለው አንበሳ ሬሳ ውስጥ ንብና ማር ያገኘበትን ታሪክ ታውቁታላችሁ። የጥንት ግሪኮችና ሮማውያንም ንብ ከበሬ ሬሳ ይፈጠራል ብለው ያምኑ ነበር። ኦስተን ሳከን የሚባል ሩሲያዊ ዲፕሎማትና የዝንብ ሊቅ በ1894 ባሳተመው ጽሑፍ «ከሬሳው የወጡት ንብ አልነበሩም፤ ኤሪስታሊስ ቴናክስ የምትባለው ዝንብ ናት» ብሎ ተከራከረ። ይህች ቡናማ፣ ጸጉራም፣ ወንድ ንብ የምትመስል ዝንብ ከአንታርክቲካ በቀር በሁሉም አህጉር አለች። ልጇ የምታድገው በቆሸሸ የረጋ ውኃ ውስጥ ነው፤ የሚረዝምና የሚያጥር ጅራት አላት፣ በእሱ ጫፍ ከውኃው በላይ ትተነፍሳለች። ስለ ግሪኮቹ በሬ ኦስተን ሳከን እውነቱን ይመስለኛል። ስለ ሳምሶን ግን አንድ ጥያቄ ይቀረኛል፤ ዝንብ ማር አትሠራም፣ ታዲያ ማሩን ማን ሠራው?

ወደ በረት እንውጣ። «ዝንብ ነከሰኝ» የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? የቤት ዝንብ መንከስ አትችልም፤ አፏ የስፖንጅ ዓይነት ነው፣ ምራቋን ተፍታ የሟሟውን ትመጥጣለች። የነከሰችው ሌላ ናት፤ ስቶሞክሲስ የምትባለው የበረት ዝንብ። መልኳ ከቤት ዝንብ አይለይም። ግድግዳ ላይ ስታርፍ በጎን ብታዩዋት ግን ከራሷ ሥር እንደ መርፌ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት የወጣ ነገር አለ። ካልሲ ይበሳል። እዚያው ሳለን፣ የሕፃናት ዓይን ላይ የምትሰፍረዋም ተራ የቤት ዝንብ ብቻ አይደለችም፤ ሙስካ ሶርቤንስ የምትባል ዘመዷ ናት። ትራኮማ በማስተላለፍ የምትጠረጠረው እሷ ናት፤ ከሁሉ አስበልጣ የምትራባውም ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው። ሽንት ቤት መቆፈርና ዓይን ማዳን የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። «ዝንብ ያው ዝንብ ነው» የምንል ከሆነ ግን መገናኘታቸው አይታየንም።

አሁን ደግሞ ክንፍ ቁጠሩ ብዬ ያስተማርኳችሁን ላፍርስ። የደጋ በግ ጸጉር ገልጣችሁ ስታዩ የሚሮጥ፣ ቡናማ፣ ጠፍጣፋ፣ ሰው መዥገር የሚለው ነገር አለ። እግሩን ቁጠሩት፤ መዥገር ስምንት አለው፣ ይሄ ስድስት። መዥገር አይደለም፣ ዝንብ ነው። ክንፉን ጨርሶ የተወ ዝንብ። ሴቷ እንቁላል አትጥልም፤ አንድ ልጅ ሆዷ ውስጥ አሳድጋ ትወልዳለች። ኮምቦልቻ ቆዳ ፋብሪካ የሠራችሁ ካላችሁ ቆዳው ላይ «እከክ» የሚባለውን ነጠብጣብ ጉዳት ታውቁታላችሁ፤ ከዚያ ተጠያቂዎች አንዷ ይህችው ናት።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ማየት ነው። አሁን ወደሚያናድደው ጉዳይ ልግባ፤ ወደ ስም።

ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ በ1758 እንስሳትን ሁሉ ባለ ሁለት ቃል ስም ሲሰጥ፣ የዓለምን ዝንብ በሙሉ አሥር መሳቢያ ውስጥ ከተተው። አሥር ወገን ብቻ፤ ወገን የምለው የቅርብ ዘመዳሞች ዝርያዎች የሚጋሩትን የመጀመሪያውን ስም ነው። የቤት ዝንብም ሙስካ፣ ያቺ ንብ መሳይዋም ሙስካ ቴናክስ፣ ክሽክሽ በላዎቹም ሙስካ። ዛሬ ስም የወጣላቸው ዝንቦች ከ150,000 በላይ ናቸው፤ አሥር መሳቢያ እንደማይበቃቸው ግልጽ ነው። ስለዚህ ሙስካ ቴናክስ ወጥታ ኤሪስታሊስ ቴናክስ ሆነች። የበጓም ዝንብ ሂፖቦስካ ኦቪና የነበረችው ሜሎፋገስ ኦቪነስ ሆነች። ለመምህራን አንድ ምሥጢር ልንገራችሁ፤ በሳይንሳዊ ስም መጨረሻ የሰያሚው ስም በቅንፍ ውስጥ ከተጻፈ ያ እንስሳ መጀመሪያ ከተመደበበት ወገን ቤት ቀይሯል ማለት ነው። ቅንፍ ከሌለው የተወለደበት ቤት ነው ያለው። ይህን ስንት ዓመት ተማሪ ቤት ቅንፉን «የአጻጻፍ ጌጥ ነው» እያልኩ አልፌዋለሁ፤ ተማሪዎቼ ይቅር ይበሉኝ።

ቤት መቀየር አንድ ነገር ነው። ሁለት ስም አንድ ሆኖ ሲገኝ ግን ሌላ ነው። ይህች ከተማ ደሴ ከመባሏ በፊት ላኮመልዛ ትባል ነበር። ይህን የማያውቅ እንግዳ አንዱን የጥንት ወረቀት ከአንዱ አዲስ ወረቀት ጋር ቢያስተያይ ካርታው ላይ ሁለት ከተማ ይሥላል፤ በመሃላቸውም መንገድ ይፈልጋል። እኔ ይህንኑ በዝንብ ሠርቼዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሀረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ፣ ከዚያም ወደ ሐርቡ ስትሉ ማንጎውና ዘይቱናው ይጀምራል። አንድ ዘይቱና ስትገምጡ ውስጡ ነጫጭ ትል ተርመስምሶ ካገኛችሁ የማን ሥራ እንደሆነ ታውቃላችሁ። እናቲቱ ከቤት ዝንብ የማታንስ፣ ተርብ የምትመስል ዝንብ ናት፤ ደረቷ ላይ በግራና በቀኝ ሁለት ቢጫ መስመር፣ ሆዷ ላይ «ተ»ን የሚመስል ጥቁር ምልክት፣ ጥርት ያለ ክንፍ ከፊት ጠርዙ ላይ ብቻ ቀጭን ጥቁር መስመር ያለው። ይህች ዝንብ በ2003 ኬንያ ውስጥ ታየች፤ ብዙም ሳትቆይ ወደ እኛ ተሻገረች። በ2005 አጥኚዎች «አዲስ ዝርያ ናት» ብለው ባክትሮሴራ ኢንቫደንስ አሏት፤ ኢንቫደንስ ወራሪ ማለት ነው። እኔም ደብተሬ ላይ በእስክሪብቶ፣ በትልቁ «ኢንቫደንስ» ብዬ ጻፍሁ።

ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን አዲስ የመጣ ጽሑፍ ሳነብ ኢትዮጵያ ውስጥ ባክትሮሴራ ዶርሳሊስ የምትባል የእስያ ፍራፍሬ ዝንብ አለች ይላል። ደነገጥሁ፤ ሁለተኛ ወራሪ! ኮምቦልቻ ወርጄ ፍራፍሬ የሚያለሙ ሰዎች በተሰበሰቡበት «አንዷ ሳትለቃችሁ ሌላ መጥታባችኋለች» ብዬ አስፈራራኋቸው። አንድ ወጣት የግብርና ባለሙያ እጁን አነሳና በትሕትና «መምህር፣ ሁለቱን በምን እንለያቸዋለን?» አለኝ። «በደረታቸው ቀለም» አልሁት። «አንድ ዘይቱና ውስጥ ያደጉትን አውጥቼ አይቻለሁ፤ ከቀይ ቡናማ እስከ ጥቁር ሁሉም አለ» አለኝ። ከዚያ በኋላ የተናገርሁትን አላስታውስም፤ ብዙ እንዳልነበር ግን አውቃለሁ።

ልጁ ልክ ነበር። ከብዙ አገር የተውጣጡ ተመራማሪዎች ለዓመታት ከአፍሪካም ከእስያም የመጡትን ዝንቦች አጋቡ፤ ያለ ችግር ተጋቡ፣ ልጆቻቸውም መካን አልሆኑም። ጠረናቸውን፣ ዘረ መላቸውን፣ ክንፋቸውን አስተያዩ። በ2015 ኢንቫደንስ የሚባል የተለየ ዝርያ የለም፣ ዶርሳሊስ ራሷ ናት ተባለ። ፓፓያዬ እና ፊሊፒኔንሲስ የተባሉ ሁለት ሌሎች «ዝርያዎች»ም በዚያው ጥናት ዶርሳሊስ መሆናቸው ታወቀ። ካራምቦሌ የምትባለው ግን ተፈትና ለብቻዋ ቆመች። ይህ ለሊቃውንት ጨዋታ ብቻ አይደለም። «እናንተ አገር ያለችው ዝንብ እኛ ጋ የለችም» ብሎ ማንጎ የሚመልስ አገር፣ ያው ዝንብ በሌላ ስም ጓሮው ውስጥ ካለች ክርክሩ ይለወጣል። በእስያ ለብዙ ዓመታት የተሠራው ምርምርም በአንድ ቀን የእኛም ሆነ፤ ወንዶቹን የሚስበው ሽታ፣ ሜቲል ኢውጀኖል፣ እዚያም እዚህም ያው ነውና።

ዘይቱና ላላችሁ በመሃል አንድ ነገር ጣል ላድርግ፤ የወደቀውን ፍሬ መሬት ላይ አትተዉት። ትሏ ከፍሬው ወጥታ አፈር ውስጥ ገብታ ነው የምትለወጠው። ለቅማችሁ በጥቁር ላስቲክ ከረጢት ጥብቅ አድርጋችሁ አስራችሁ ፀሐይ ላይ ጣሉት። ከሚረጨው ሁሉ ርካሹ ይኸው ነው።

ሁሉም የስም ክርክር ግን እንዲህ በሰላም አያልቅም። እሷም «የፍራፍሬ ዝንብ» ስለምትባል ማንጎ ከምትበላዋ ጋር ስሟ የሚምታታ አንዲት ሌላ አለች፤ የበሰለ ሙዝ ላይ የምትሰፍረዋ፣ ቀይ ዓይኗ፣ ከጤፍ ፍሬ ጥቂት የምትበልጠው። ድሮሶፊላ ሜላኖጋስተር። ቶማስ ሞርጋን በ1910 ነጭ ዓይን ያለውን ወንድ ካገኘ ወዲህ የዓለም የዘር ሳይንስ ግማሹ በእሷ ጀርባ ላይ የተጻፈ ነው፤ ባዮሎጂ ያስተማራችሁ ሁሉ ስሟን ሰሌዳ ላይ ጽፋችኋል። ነገር ግን ድሮሶፊላ የሚባለው ወገን ሲመረመር ብዙ ወንዝ የተቀላቀለበት ሆኖ ተገኘ። ይከፈል ቢባል የወገኑን ስም ይዞ የሚቀረው በደንቡ መሠረት ድሮሶፊላ ፉኔብሪስ የምትባል ሌላ ዝንብ ያለችበት ክፍል ነው፤ ሜላኖጋስተር ሶፎፎራ ሜላኖጋስተር ልትባል ነው። አንዳንድ ሊቃውንት «የኛዋ ስሙን ትያዝ፤ ልዩ ፈቃድ ስጡን» ብለው ለዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ኮሚሽን አመለከቱ። ኮሚሽኑ በ2010 አልፈቀደም። ከዚያ በኋላስ? ወገኑ በተግባር ሳይከፈል ቀረ፤ አብዛኛው ሰው ድሮሶፊላ እያለ ቀጠለ። ትንኝ አጥኚዎችም ኤዴስ የሚባለውን ወገን ለመበታተን የተሞከረ ጊዜ እንዲሁ አንገራግረው አብዛኞቹ ወደ ድሮው ስም ተመልሰዋል። እኔ በዚህ አልስቅም። ደንብ አንድ ነገር ነው፣ የሰው አፍ ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱ ሲጋጩ ጊዜ ይወስዳል።

«ግን ማን ነው አርፎ የተቀመጠውን ስም የሚያንቀሳቅሰው?» ትሉ ይሆናል። ዋናው ጥፋተኛ የዝንብ ሰው ነው! ቪሊ ሄኒግ የሚባል ጀርመናዊ፤ ዕድሜ ልኩን ዝንብ ሲያጠና የኖረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ጣሊያን ውስጥ የእንግሊዞች ምርኮኛ ሆኖ ሳለ መጻፍ የጀመረውን መጽሐፍ በ1950 አሳተመ። የሚለው ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ሰባት ቤት የምንቆጥር ሰዎች ነን። አንድ ቤተሰብ ማለት አያትየውና ከእሱ የወረዱት ሁሉ ናቸው፤ አንዱን ልጅ መልኩ ስለተለየ መተው አይቻልም። ምስጥን ውሰዱ። ድሮ ለብቻው መደብ ነበረው፣ እኔም እንዲያ አስተምሬአለሁ። በ2007 የወጣ የዘረ መል ጥናት ግን ምስጥ በበረሮዎች ዘር መሃል የወጣ ቅርንጫፍ መሆኑን አረጋገጠ። ምስጥ ማኅበረኛ በረሮ ነው። ሥራዋ ስለተለየ ምስጥን ከበረሮ መዝገብ መሰረዝ፣ አረብ አገር ሄዳ ሀብታም የሆነችን እህት ልጆች ከዘር ቆጠራ እንደመሰረዝ ነው። ቅማልም እንዲሁ የራሱን መደብ አጥቶ ከመጽሐፍ ቅማል ጋር ተደባልቋል። ቁንጫ ላይ ክርክሩ አልበረደም።

ታዲያ እኛ ጓሮ ውስጥ የተቀመጥን ሰዎች ይህን ሁሉ እንዴት እንከተል? እኔ መከተል ትቻለሁ፤ ከዚያ ኮምቦልቻ ካፈርሁበት ቀን ወዲህ ደብተሬን እንዲህ ነው የምይዘው። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ምን ተክል ላይ እንዳገኘኋት፣ ምን ስታደርግ እንደነበር በእስክሪብቶ እጽፋለሁ። እነዚህን የትኛውም ሊቅ አይለውጥብኝም። ስሟን ግን በእርሳስ። ሲቀየር አሮጌውን አላጠፋውም፤ በአንድ ጭረት እሠርዘውና አዲሱን ከጎኑ ከነዓመቱ አደርጋለሁ። ብዙ ጊዜም ዝርያው ድረስ አልደርስም፤ «ሲርፊዴ፣ ቢጫ መቀነት ያላት» ብዬ እተወዋለሁ። እርግጠኛ ያልሆኑበትን ስም መጻፍ ባዶ ከመተው የባሰ ነው፤ ባዶው ቢያንስ ማንንም አያስፈራራም። ከደሴ ከፍታ ኮምቦልቻ ድረስ በስድስት መቶ ሜትር ያህል ስለምንወርድ፣ «ወሎ» ብሎ ብቻ መጻፍም ለዝንብ አድራሻ አይሆንም።

ስልክ ላላችሁ ሥራው ይቀላል። ፎቶ ስታነሱ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከፊት ለዓይኗ፣ አንዱን በጎን ለአፏና ለአንቴናዋ፣ ከቻላችሁ ደግሞ ክንፏ ተዘርግቶ የክንፏ ሥሮች እንዲታዩ አድርጉ። ዝንብ አዋቂዎች ከመልኳ ይልቅ ክንፏ ላይ ያሉትን መስመሮች ነው የሚያነቡት፤ አንዣባቢዋን ለምሳሌ ክንፏ መሃል ላይ የትም ሳይጀምር የትም የማይደርስ አንድ የውሸት ሥር ያጋልጣታል። አይናቹራሊስት የሚባለው መተግበሪያ ላይ ብትጭኗት ደግሞ ስሟ በሊቃውንቱ ሲቀየር ምዝገባችሁም አብሮ ይቀየራል። የአፍሪካ ዝንብ ቤተሰቦችን የሚለይ ሰፊ መጽሐፍም ከ2017 ጀምሮ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በየቅጹ እየታተመ በነጻ ይገኛል። እንግሊዝኛው ከበድ ይላል፤ ሥዕሉ ግን ቋንቋ አይፈልግም።

ከአዳራሹ ሁለት ጥያቄ ተነሣ። አንዱን ልጻፍ። አንዲት እናት፣ ከገራዶ የመጡ፣ «መምህር፣ ያቺን ክሽክሽ የምትበላዋን ትል ጎመን ከምትበላዋ አባ ጨጓሬ በምን ልለያት?» አሉ። እግር ይቁጠሩ አልኋቸው። አባ ጨጓሬዋ፣ የቢራቢሮ ልጅ፣ ከፊቷ ስድስት እግር፣ ከኋላም ድጋፍ እግሮች አሏት፤ ቅጠሉንም ትበሳሳዋለች። የዝንብ ልጅ አንድም እግር የላትም፤ ቅጠሉ ደህና ነው፣ ክሽክሹ ነው የሚጎድለው። «እሺ፣ እንግዲህ እግር የሌላትን አልነካም» አሉና ተቀመጡ።

መውጫው ላይ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሳጥን የእኔ ነው፤ በየመርፌው ሥር ትንሽ ወረቀት አለ። ከላይ በሁለተኛው ረድፍ ሦስተኛዋ የኮምቦልቻዋ የዘይቱና ዝንብ ናት። «ኢንቫደንስ» የሚለው በጭረት ተሠርዞ «ዶርሳሊስ» ተጽፎበታል። ከእሷ በስተቀኝ ያለችውን ከኮክ ዛፌ ላይ ነው የያዝኋት፤ ስም የላትም። መነጽሩ አንድ ስለሆነ በተራ ይዩ፤ ሳጥኑን ስትከፍቱ ደግሞ አታስነጥሱ።